የትንሽ ቤተ ክርስቲያን ቤተ መጻሕፍት ካታሎግን ያለ ብዙ ወጪ ኦንላይን ማውጣት፦ ከመደርደሪያ እስከ ስልክ

አብዛኛው ሰው ይህን ሥራ የሚጀምረው «የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» ብሎ ነው። እኔም እንደዛ ነው የጀመርኩት። ያኔ ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት የሚሠሩበትን ሲስተም ነበር ያስጫንኩት። ሦስት ወር ለፋን፣ ያስገባነው መጽሐፍ መቶ እንኳ አልሞላም። ከዛ የጫነልን ልጅ ሥራ ቀየረ፣ ኮምፒውተሩ ተበላሸ፣ ፓስወርዱን የሚያውቅ ሰው ጠፋ፣ በቃ። የተረፈን ያው የድሮው ደብተር ነው።

ከዛ ወዲህ ሐሳቤ ተቀይሯል። ካታሎጋችሁ አንድ ሰንጠረዥ ነው። በደንብ የተሞላ፣ በእጃችሁ ያለ ሰንጠረዥ ካላችሁ ዛሬ አንዱ አገልግሎት ላይ በነጻ ታወጡታላችሁ፣ ነገ እሱ ቢዘጋ ወይም ክፍያ ቢጠይቅ ወደ ሌላው ትወስዱታላችሁ። ሰንጠረዡ ከተዝረከረከ ግን የትኛውም ሲስተም አያቃናውም። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ አብዛኛው ክፍል ስለ ሰንጠረዡ ነው፤ ኦንላይን የማውጣቱ ነገር መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ እሱ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ መጽሐፍ ላለው፣ ደመወዝተኛ ባለሙያ ለሌለው፣ በበጎ ፈቃደኞች ለሚንቀሳቀስ ቤተ መጻሕፍት ነው የምጽፈው።

1. አካውንቱ የማን ነው?

ከመጽሐፉ በፊት ይህን ጨርሱ። በቤተ መጻሕፍቱ ስም አዲስ የጂሜይል አካውንት ክፈቱ። በግል አካውንታችሁ እንዳትጀምሩ። ሰው ይሄዳል፣ ይታመማል፣ ይኮራረፋል፤ ካታሎጉ አብሮት መሄድ የለበትም። ፓስወርዱን ቢያንስ ሁለት ሰው ይያዘው፣ አንድ ቅጂ በወረቀት ተጽፎ፣ በፖስታ ታሽጎ የቤተ ክርስቲያኑ ሰነዶች ያሉበት ቦታ ይቀመጥ። ፓስወርድ ሲጠፋ ማስመለሻ የሚሆነው ስልክ ቁጥርም የማን እንደሆነ ጻፉት። ለአስተዳደሩም ቀድማችሁ ንገሩ። ኋላ «ማን ፈቀደላችሁ?» ከሚመጣ አሁን አምስት ደቂቃ ማውራት ይሻላል።

2. የማይፈለገውን አውጡ

አንድ መጽሐፍ ለመመዝገብ 3 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። 800 መጽሐፍ ካለ 40 ሰዓት ነው። ከነሱ 150ው የሻገተ፣ ገጹ የጎደለ ወይም አምስተኛ ቅጂ ከሆነ እሱን ብቻ በማውጣት ሰባት ሰዓት ተኩል ታተርፋላችሁ። ለዚህ ነው ማጣራቱ መጀመሪያ የሚመጣው።

ወለል ላይ ሦስት ክምር ሥሩ፦ የሚቀር፣ የሚሄድ፣ የሚያከራክር። የሚያከራክረውን ለአንድ ሰው ስጡና በሳምንት ይወስን፤ ለኮሚቴ ከሰጣችሁት እዛው ወለሉ ላይ ያረጃል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሰጪው ስም ተጽፎበታል፣ «ለእናቴ መታሰቢያ» የሚል አለ። እንዲህ ያለውን ለሌላ ከማስተላለፋችሁ በፊት የመጀመሪያዋን ገጽ ግለጡ፣ ቤተሰቡን ጠይቁ።

ብራና፣ የእጅ ጽሑፍ፣ በጣም የቆየ ወይም በቀላሉ የማይተካ መጽሐፍ ካለ ለብቻው አስቀምጡት። እሱ ለብቻው ዝርዝር ይሠራለታል፣ ኦንላይን ግን አይወጣም። የት ክፍል፣ የትኛው ቁም ሳጥን ውስጥ ምን ውድ ነገር እንዳለ ለዓለም ሁሉ ማሳወቅ ለሌባ ካርታ ሠርቶ እንደመስጠት ነው።

3. ሰንጠረዡን ሥሩ

ጎግል ሺት (የጎግል የሰንጠረዥ ፕሮግራም) በቂ ነው። ነጻ ነው፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ይሠራበታል፣ የተበላሸውንም ወደ ኋላ ይመልሳል። አንድ ፋይል እስከ 10 ሚሊዮን ሕዋስ (የሰንጠረዥ ሳጥን) ይይዛል፤ 3,000 መጽሐፍ በ15 አምድ ብትመዘግቡ 45,000 ነው፣ ስለ ቦታ አትጨነቁ።

አምዶቹን ስትደረድሩ ሰው ሁሉ የሚያያቸውን በግራ፣ የውስጥ የሆኑትን በቀኝ አድርጉ። ኋላ ኦንላይን ስታወጡ ይህች ነገር ብዙ ድካም ታስቀራለች። እኔ የምጠቀመው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦

- መለያ ቁጥር
- ርዕስ፣ ልክ ሽፋኑን ሳይሆን የውስጡን የርዕስ ገጽ አይቶ
- ደራሲ
- ተርጓሚ ወይም አዘጋጅ
- ቋንቋ
- የታተመበት ዓመት፣ ከአቆጣጠሩ ጋር
- ምድብ
- ስለ ምን እንደሆነ፣ በሁለት ሦስት ቃል
- መፈለጊያ (ይህን ከታች እነግራችኋለሁ)
- አለ ወይስ ወጥቷል
- ከዚህ በኋላ የውስጥ፦ አይኤስቢኤን (ለመጽሐፍ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር)፣ የሰጪው ስም፣ የመጽሐፉ ሁኔታ፣ ማስታወሻ

«ስለ ምን እንደሆነ» የሚለውን አምድ ሰው መዝለል ይወዳል። አትዝለሉት። አንድ ቀን አንዲት እናት መጡና «ልጄ፣ ባሏ ለሞተባት ጎረቤቴ የማነብላት ነገር አለህ?» አሉኝ። ካታሎጉ ላይ «ሐዘን» ብዬ ፈለግኩ። ምንም የለም። ግን እኮ መደርደሪያው ላይ ሦስት መጽሐፍ ነበረን፣ ርዕሳቸው ውስጥ ሐዘን የምትል ቃል ስለሌለች ብቻ ነው ያልወጡት። ሰው ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚመጣው ርዕስ ይዞ አይደለም፣ ጥያቄ ይዞ ነው። ሐዘን፣ ጾም፣ ጋብቻ፣ ልጅ ማሳደግ፣ ይቅርታ፤ ሰው በአፉ የሚላትን ቃል ጻፉ።

ስለ ምድብ ብዙ አትራቀቁ። ዲውይ የሚባለውን የአከፋፈል ዘዴ ሰምታችሁ ይሆናል፤ ሜልቪል ዲውይ በ1876 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው፣ እስካሁን ብዙ ቤተ መጻሕፍት ይሠራበታል። ሃይማኖት 200 ላይ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ 220፣ ነገረ መለኮት 230፣ ምግባርና መንፈሳዊ ሕይወት 240፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ 270 ያገኛሉ፤ ከክርስትና ውጭ ያሉ ሃይማኖቶች በሙሉ ደግሞ 290 ላይ ታጭቀዋል፣ በዚህ ብዙ ይወቀሳል። ለቤተ ክርስቲያን ቤተ መጻሕፍት እነዚህን ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥሮች ብቻ ብትጠቀሙ ይበቃል። ከነጥብ በኋላ ያለውን ለሚከፈለው ባለሙያ ተዉለት። እውነቱን ለመናገር እኔ ቁጥሩንም ትቼ ዘጠኝ ምድብ በግልጽ አማርኛ ጽፌ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ቀለም ሰጥቻለሁ። ልጆች እንኳ የራሳቸውን ቢጫ ፈልገው ይመልሳሉ።

ቋንቋና ምድብ የሚጻፍባቸውን አምዶች ተመርጦ የሚሞላ አድርጓቸው፣ በነጻ እጅ እንዳይጻፍ። አለዚያ አንዱ «ታሪክ»፣ ሌላው «የታሪክ»፣ ሦስተኛው «ታሪክ።» ከነአራት ነጥቡ ይጽፋል፤ ለኮምፒውተሩ ሦስቱም የተለያዩ ናቸው።

4. ፊደል፣ ትልቁ ራስ ምታት

በእንግሊዝኛ የተጻፈ መመሪያ ይህን አይነግራችሁም፣ ምክንያቱም ችግሩ የላቸውም። «መጽሐፍ» የምትለዋን ቃል እንውሰድ። አንዱ መጽሐፍ ይላል፣ አንዱ መጽሀፍ፣ አንዱ መፅሐፍ፣ ሌላው መፅሃፍ። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው። ለኮምፒውተሩ አራት የተለያየ ቃል ነው። አንባቢው በስልኩ «መፅሃፍ» ብሎ ሲፈልግ ካታሎጋችሁ «መጽሐፍ» ካለ «አልተገኘም» ይለዋል፣ እሱም የለም ብሎ ይሄዳል። በፊደል ተራ መደርደርም እንደዚሁ ነው፦ ኮምፒውተሩ በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተራ ስለሚሄድ በሀ የጀመረውና በሐ የጀመረው ያው ቃል በመሀል የለ ቤት ሙሉ ይገባበታል።

መፍትሔው ሁለት አምድ ነው። «ርዕስ» በሚለው ላይ መጽሐፉ ላይ እንደታተመው ጻፉ፣ አታርሙት፣ ደራሲው በሠ ከጻፈ በሠ ይሁን። «መፈለጊያ» በሚለው ላይ ደግሞ ርዕሱን፣ ደራሲውንና ስለ ምን እንደሆነ የሚለውን አንድ ላይ አድርጉና ሞክሼ ፊደላቱን ሁሉ ወደ አንድ አውርዱ፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። እያንዳንዱ ከነሰባት ቅርጹ ስለሆነ 35 መተካት ነው። በመጨረሻ ሃ ን ወደ ሀ፣ ኣ ን ወደ አ ቀይሩ፣ 37 ሆነ። ተራውን ጠብቁ፤ መጀመሪያ ዓ ወደ ኣ፣ ከዛ ኣ ወደ አ። «ዓለም»ም «አለም»ም በዚህ መንገድ አንድ ቦታ ይገናኛሉ።

በእጅ «ፈልግና ተካ» እያላችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ፣ ሻይ እስኪፈላ ያልቃል። ምርጫውን ግን መፈለጊያው አምድ ላይ ብቻ አድርጉ፤ ሙሉ ሰንጠረዡ ላይ ከለቀቃችሁት ርዕሶቹን ሁሉ ይቀይርላችኋል። ኮድ የሚሞክር ወጣት ካለ ጎግል ሺት ውስጥ ባለው አፕስ ስክሪፕት በአንድ ቁልፍ የሚሠራ ያደርገዋል። ካታሎጉ አናት ላይ ደግሞ «ሲፈልጉ ሀ፣ ሰ፣ አ እና ጸ ብቻ ይጠቀሙ» ብላችሁ ጻፉ። ብዙው ሰው አያነበውም፣ ያነበበው ግን ያገኛል።

የደራሲ ስም ሌላው ነው። የውጭ ሶፍትዌሮች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይገለብጡታል፤ ደራሲውን በአባቱ ስም ሥር ታገኙታላችሁ። የእኛን ስም እንዳለ በራሱ ስም ጀምራችሁ ጻፉ፣ ሶፍትዌሩ ገልብጦት ከሆነ አርሙት። ማዕረጉን ደግሞ ወደ ኋላ አድርጉት። «መምህር»፣ «ቄስ»፣ «አባ»፣ «ዶ/ር» ከፊት ከሆነ ስትደረድሩ ደራሲዎቹ ግማሹ መ ሥር ግማሹ ቀ ሥር ተሰልፈው ታገኛላችሁ። ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ ከዛ በነጠላ ሰረዝ ማዕረጉ። ይኸው ነው።

ዓመትም አለ። 1985 ዓ.ም. እና 1985 እ.ኤ.አ. በመካከላቸው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አለ። እንደታተመው ጻፉ፣ አጠገቡ አቆጣጠሩን አድርጉ፣ በጭንቅላታችሁ እያሰላችሁ አትቀይሩ። ሁለት ሰው እያሰላ የሞላው ሰንጠረዥ አይቻለሁ፣ አንዱ ሰባት ይቀንሳል፣ አንዱ ስምንት።

ድሮ በኮምፒውተር የተሠራ ዝርዝር ካላችሁም ተጠንቀቁ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የፊደል ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዛ በፊት፣ ከዛም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ በየራሳቸው መንገድ በሚሠሩ ፎንቶች ነበር የሚጻፈው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት የላቲን ፊደልና ምልክት ትርምስ ይሆናል። ፋይሉ ሞቷል ብላችሁ አትጣሉት፣ መቀየሪያ ፕሮግራም አለ። ከ300 መጽሐፍ በታች ከሆነ ግን መደርደሪያውን እያዩ እንደገና መጻፍ ይፈጥናል።

5. አይኤስቢኤን ያላቸው መጻሕፍት

እዚህ ጋ እፎይ ትላላችሁ። ጀርባው ላይ በ978 ወይም 979 የሚጀምር ባርኮድ ካለ ክፍል 8 ላይ የምጠቅሰው ዓይነት አገልግሎት በስልክ ካሜራ ያነበዋል፣ ርዕሱና ደራሲው ራሱ ይመጣል። አይኤስቢኤን ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው፣ 13 አሃዝ የሆነው ደግሞ ከ2007 ወዲህ። ስለዚህ ባለ 10 አሃዝ ብታዩ አትደነቁ፣ የመጨረሻዋ አሃዝ ፊደል ብትሆንም ስሕተት አይደለም። የቆየ መጽሐፍ ከሆነ ጨርሶ የለውም።

የአሜሪካው ቤተ መጻሕፍት የሊብረሪ ኦፍ ኮንግረስ ካታሎግና ኦፕን ላይብረሪ የሚባለው የኢንተርኔት አርካይቭ ሥራ ሁለቱም በነጻ ይፈለግባቸዋል። የውጭ ቋንቋ መጻሕፍቶቻችሁን አብዛኞቹን ታገኛላችሁ። የአማርኛውን ብዙም አትጠብቁ፤ ሊብረሪ ኦፍ ኮንግረስ ያለውም ብዙ ጊዜ ርዕሱ በላቲን ፊደል ተገልብጦ ነው የተመዘገበው፣ በፊደል ብትፈልጉ አይወጣም። የመጣውንም መረጃ መጽሐፉን ይዛችሁ አመሳክሩ። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሌላ መጽሐፍ የሚመጣበት ጊዜ አለ።

አንድ ወጥመድ፦ ቁጥሩን ከማስገባታችሁ በፊት አምዱን «ጽሑፍ» አድርጉት። ካልሆነ ኤክሴል 13 አሃዙን እንደ ሒሳብ ቁጥር ይቆጥረውና በ9.78 የሚጀምር አጭር ነገር ያደርገዋል፣ በዜሮ የሚጀምረውን ባለ 10 አሃዝ ደግሞ ዜሮዋን ይውጣታል። ፋይሉን በሲኤስቪ (ብዙ ፕሮግራም የሚያነበው ተራ የጽሑፍ ሰንጠረዥ) አስቀምጣችሁ በኤክሴል ስትከፍቱም አማርኛው ወደ ትርምስ ሊቀየር ይችላል። ስታስቀምጡ ፊደላችንን በትክክል የሚይዘውን ዩቲኤፍ 8 (UTF-8) የሚለውን ምረጡ፣ ስትከፍቱም እንዲሁ። እንዲህ ሆኖ የተከፈተን ፋይል «ሴቭ» እንዳትሉት፣ ዝጉት ብቻ።

6. ቁጥርና ተለጣፊ

ቁጥሩ ከ0001 ጀምሮ በተራ ይሂድ። ምድቡን፣ ዓመቱን፣ መደርደሪያውን ቁጥሩ ውስጥ ለመክተት አትሞክሩ፤ መጽሐፉ ምድብ ሲቀይር ቁጥሩም ይቀየር ይሆን የሚል ክርክር ይመጣል። የጠፋ መጽሐፍ ቁጥር ለሌላ አይሰጥም። ሁለት ቅጂ ካለ ሁለት ቁጥር፣ ሁለት ረድፍ።

ውስጡ በእርሳስ፣ ጀርባው ላይ በተለጣፊ ወረቀት። በላዩ ግልጽ ፕላስተር ካላደረጋችሁበት በስድስት ወር ይላጣል። የባርኮድ ማንበቢያ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፣ በሳምንት ሠላሳ መጽሐፍ ለሚያወጣ ቤተ መጻሕፍት ቁጥሩን መጻፍ በቂ ነው።

አሠራሩ በሁለት ሰው ቢሆን ይመረጣል፦ አንዱ መጽሐፉን ይዞ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል። ብቻውን የሚሠራ ሰው በሁለተኛው ሰዓት ማንበብ ይጀምራል። መዝገቡን ማለቴ አይደለም፣ መጽሐፉን።

7. ከመውጣቱ በፊት ማጽዳት

ጎግል ሺት ውስጥ ዳታ ማጽጃ የሚለው ቦታ ትርፍ ክፍተቶችን ያጠፋል፣ የተደጋገመውንም ያሳያል። እሱን አድርጉ። የመጀመሪያውን ረድፍ ወደ ታች ሲወረድ እንዳይጠፋ አቁሙት። ከዛ ሰንጠረዡን ማን ሊነካ እንደሚችል ወስኑ።

ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። አንድ ቅን በጎ ፈቃደኛ የርዕሱን አምድ ብቻ መርጦ በፊደል ተራ ደረደረው። ሌሎቹ አምዶች ባሉበት ቀሩ። በአንዴ እያንዳንዱ መጽሐፍ የሌላ ሰው ሆነ፣ የልጆች ተረት የነገረ መለኮት ሊቅ ጻፈው። ደግነቱ ጎግል ሺት የቀድሞውን ቅጂ በሰዓትና በደቂቃ ያስቀምጣል፣ ወደ ጠዋቱ መለስነው። በኮምፒውተር ላይ ብቻ ያለ ፋይል ቢሆን ኖሮ የስንት ሳምንት ልፋት ነበር። ከዛ ወዲህ መጻፍ የሚችሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ሌላው ሁሉ አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ በጎግል ፎርም ይልካል።

8. አሁን ኦንላይን

ሦስት መንገድ አለ፣ ከቀላሉ ልጀምር።

የመጀመሪያው ሰንጠረዡን ራሱን ማሳየት ነው። ዋናውን ፋይል ግን አታሳዩ። አምዱን መደበቅም አይበቃም፤ ማየት የተፈቀደለት ሰው ፋይሉን ለራሱ ኮፒ አድርጎ የደበቃችሁትን መግለጥ ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ ፋይል ክፈቱ፣ ኢምፖርትሬንጅ (IMPORTRANGE) በሚባለው ፎርሙላ ከዋናው የግራዎቹን አምዶች ብቻ ጥሩ። መጀመሪያ ፈቃድ ይጠይቃችኋል፣ ፍቀዱ። ከዛ በኋላ ዋናው ላይ የጻፋችሁት ሁሉ ራሱ ይመጣል። ይህን ሁለተኛውን ፋይል «ሊንኩ ያለው ሁሉ ማየት ይችላል» አድርጉት። ማየት እንጂ ማረም እንዳልሆነ ሁለቴ ተመልከቱ። ጎግል ሳይትስ ላይ በነጻ አንድ ገጽ ሠርታችሁ ሰንጠረዡን ብታስገቡት፣ ከላይ የሚከፈትበትን ሰዓትና የመዋስ ደንብ ብትጽፉ፣ ድረ ገጽ ሆነላችሁ። ጉድለቱ መፈለጊያ ሳጥን የለውም፣ ሰው በስልኩ «በገጹ ውስጥ ፈልግ» ማለት አለበት። እስከ 500 መጽሐፍ ግን ማንም አያማርርም።

ሁለተኛው ለዚሁ የተሠራ አገልግሎት ነው። ሊቢብ በነጻው አካውንት እስከ 5,000 ዕቃ ይይዛል፣ በስልክ ባርኮድ ያነባል፣ ዝርዝሩንም ለሰው ክፍት በሆነ ገጽ ያወጣል። ላይብረሪቲንግ በ2005 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው፤ ከሱ ጋር የሚሠራው ታይኒካት በተለይ ለትንንሽ ቤተ መጻሕፍት የታሰበ ነው፣ እስከ 20,000 ዕቃ፣ መዋስና መመለስንም ይመዘግባል። ለግል ነጻ ነው፣ ለድርጅት ግን እንደ መጻሕፍቱ ብዛት ክፍያ አለው። ሽፋኑን በፎቶ ማየት፣ መፈለጊያ ሳጥን፣ ያማረ ገጽ ከፈለጋችሁ እዚህ ሂዱ። ስትመርጡ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ዝርዝሬን በሙሉ በሲኤስቪ መልሼ ማውጣት እችላለሁ ወይ? ካልተቻለ አትግቡ። ከመግባታችሁ በፊትም ሃያ መጽሐፍ ብቻ አስገብታችሁ አማርኛው በትክክል መታየቱን፣ በፊደልም መፈለጉን ሞክሩ።

ሦስተኛው ኮድ የሚችል ሰው ላለው ነው። ጊትሃብ ፔጅስ የሚባለው የድረ ገጽ ማስቀመጫ ላይ በነጻ አንድ ገጽ ይቀመጣል፣ ሰው የሚያያቸው አምዶች ብቻ ያሉበት ሲኤስቪ ፋይል አጠገቡ ይሆናል፣ ትንሽ ጃቫስክሪፕት ሰንጠረዡን ያሳያል። የዚህ ውበቱ ሞክሼ ፊደላቱን ፈላጊው ሲጽፍም ወደ አንድ ማውረድ መቻሉ ነው፤ በየትኛውም ፊደል ይጻፍ፣ ያገኛል። ሦስት ሺህ ረድፍ ለስልክ ምንም አይከብድም። ችግሩ ያው እኔ ላይ የደረሰው ነው፦ የሠራው ልጅ ሲሄድ ማን ያድሳል? እንዴት እንደሚታደስ በአንድ ገጽ ካልጻፈላችሁ አትቀበሉት።

ኮሃስ? ኮሃ በኒውዚላንድ የተወለደ፣ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ፣ ስሙም በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት የሆነ ድንቅ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ነው፤ ነጻ ነው። ግን ሰርቨር ይፈልጋል፣ ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፣ ማርክ የሚባለውን የምዝገባ ሥርዓት መልመድም አለ። ሶፍትዌሩ በነጻ ቢሆንም የሚንከባከበው ሰው ጊዜ ነጻ አይደለም። አሥር ሺህ መጽሐፍና ሙሉ ቀን የሚሠራ ሰው ካላችሁ ሞክሩት።

እኔን ከጠየቃችሁ በመጀመሪያው ጀምሩ። በሦስት ወር ውስጥ ሰው «መፈለጊያ የለውም» እያለ ካስቸገራችሁ፣ እሰየው፣ እየተጠቀሙበት ነው ማለት ነው፤ ያኔ ወደ ሁለተኛው እለፉ።

የራሳችሁን የድረ ገጽ ስም ለመግዛት አትቸኩሉ። በየዓመቱ የሚከፈል ነው፣ አንድ ዓመት የረሳችሁ ቀን ሊንኩ ይሞታል።

9. መጽሐፍ የተዋሱ ሰዎች ነገር

ማን ምን እንደወሰደ በፍጹም ኦንላይን አይውጣ። ለቤተ ክርስቲያን ይህ ቀልድ አይደለም። ስለ ፍቺ፣ ስለ ሱስ ወይም ስለ ሐዘን የሚናገር መጽሐፍ የወሰደን ሰው ስሙን ማየት የሚያስከትለውን አስቡት። የውሰት መዝገቡ የተለየ ፋይል ይሁን፣ ወይ ያው ደብተር። ሕዝቡ የሚያየው «አለ» ወይም «ወጥቷል» የምትለዋን ብቻ ነው። መጽሐፉ ሲመለስ ደግሞ ስሙን ከመዝገቡ አጥፉት፣ ለምን ይቀመጣል?

መጻሕፍቱን ስካን አድርጎ መጫን ሌላ ነገር ነው። ዝርዝር ማውጣት ማንንም አይጎዳም፤ በሕይወት ያለ ደራሲን መጽሐፍ ሙሉውን ፎቶ አንስቶ መልቀቅ ግን የሰው ሀብት መውሰድ ነው፣ መንፈሳዊ መጽሐፍ ስለሆነ ብቻ የተፈቀደ አይሆንም።

10. ለሰው ማድረስ

የኪውአር ኮድ ሠርታችሁ በር ላይና መደርደሪያው ጎን ለጥፉ። ጎግል ክሮም ራሱ የገጹን ኮድ በነጻ ይሠራል። ኮድ እንሠራለን ከሚሉ ድረ ገጾች ተጠንቀቁ፤ አንዳንዶቹ ኮዱን በራሳቸው በኩል ያሳልፉትና የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ ክፍያ ይጠይቃሉ፣ እናንተ ደግሞ ሃምሳ ቅጂ አትማችሁ ለጥፋችኋል። ከማተማችሁ በፊት በሁለት ዓይነት ስልክ ሞክሩት። ስልክ ለማይመቻቸው አባቶችና እናቶች ዝርዝሩን በዓመት አንድ ጊዜ በወረቀት አትማችሁ ጠረጴዛ ላይ አድርጉ።

11. እንዳይሞት

በወር አንድ ቀን ምረጡ። ያን ቀን አዲስ የገቡት ይመዘገባሉ፣ መፈለጊያው አምድ ይታደሳል፣ ዋናው ፋይል በኤክሴልም በሲኤስቪም ዳውንሎድ ተደርጎ ፍላሽ ላይ ይቀመጣል፣ የፋይሉ ስም ላይ ቀኑ ይጻፋል። ፍላሹ ከቤተ መጻሕፍቱ ውጭ ይደር። ጎግል ላይ ስላለ አይጠፋም አትበሉ፣ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በራስ እጅ ነው።

በዓመት አንዴ ደግሞ ይህችን ፈተና አድርጉ፦ ከዝርዝሩ በዘፈቀደ አሥር ቁጥር አውጡና መጻሕፍቱን መደርደሪያው ላይ ፈልጉ። ከዛ ከመደርደሪያው አሥር መጽሐፍ መዝዛችሁ ዝርዝሩ ውስጥ ፈልጉ። ከሃያው አንድ ቢሳሳት እሱን አርማችሁ እለፉ። ሦስትና ከዛ በላይ ከሆነ አንድ ቅዳሜ ስጡት፣ ከአንደኛው መደርደሪያ ጀምራችሁ ሁሉንም ቁጠሩ፤ ያልተገኘውን ረድፉን አትሰርዙ፣ «ጠፍቷል» ብላችሁ ቀኑን ጻፉበት። የኛ ቁጥር 0212 ሁለት ዓመት ጠፍቶ ቆይቶ በሰው እጅ ተልኮ መጥቷል፣ ውስጡ የአውቶቡስ ቲኬት እንደ ምልክት ገብቶበት።